ትንንሽ አጋዘን ማርባት ያዋጣል? ከገዢው እስከ አጥሩ፣ ደረጃ በደረጃ

«ቴክሳስ ውስጥ አሥር ኤከር መሬት ገዛሁ። ፍየል ከማረባ አጋዘን ባረባ አይሻለኝም?» ይህ ጥያቄ በስልክም፣ በሠርግም፣ በለቅሶ ቤትም ይመጣብኛል። በየጊዜው ከሀ መጀመር ስለሰለቸኝ በቅደም ተከተል ጻፍኩት። ቴክሳስን አስቤ ነው የጻፍኩት። ሌላ ስቴት ያላችሁ ደረጃ 3ን ሳታነቡ አትለፉ። ኢትዮጵያ ላላችሁ ደግሞ መጨረሻው ላይ አጭር ነገር አለ።

አጭሩ መልስ ይኸው። እንስሳው ራሱ ብዙ አያስቸግርም። ትንሽ ይበላል፣ ያለ ሰው እርዳታ ይወልዳል፣ ብርድም ሙቀትም ይችላል። ገንዘቡን የሚውጡት አጥሩና እርዱ ናቸው። ስለዚህ አካሄዱ ሰው ከሚገምተው የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ገዢ ይፈለጋል፣ ቀጥሎ ቄራ፣ ከዚያ ሕግ፣ ከዚያ አጥር። እንስሳው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

የትኛውን ዝርያ?

ከዚህ በታች የማወራው ሁሉ ፋሎ (በእንግሊዝኛ fallow deer) ስለሚባለው የአጋዘን ዝርያ ነው። ሴቷ ከ80 እስከ 110 ፓውንድ ትመዝናለች። አውራው ከ130 ፓውንድ ይጀምርና 200ም ሊደርስ ይችላል። በመንጋ ይኖራል፣ ሣር ይግጣል። ሌላም ትልቅ ጥቅም አለው። አሜሪካ ውስጥ የአጋዘን አርቢዎችን እንቅልፍ የነሳው ሲዳብሊውዲ የሚባል የአንጎል በሽታ አለ፤ መድኃኒትም ክትባትም የለውም። ፋሎ በተፈጥሮ መንገድ ሲያዘው አልታየም።

ሌሎቹን ባጭሩ፦

- አክሲስ። ሥጋው በጣም ይወደዳል። ግን ከሕንድ የመጣ የሞቃት አገር እንስሳ ነው። በማንኛውም ወር ስለሚወልድ በብርዱ ወራት የተወለደው ግልገል ይሞታል። ደቡብ ቴክሳስ ካልሆናችሁ ተዉት።
- ሲካ። ጠንካራ ነው። ነገር ግን ሲዳብሊውዲ ከሚይዛቸው ውስጥ ስለሆነ ምርመራውና ወረቀቱ ይበዛል።
- ነጭ ጅራቱ የአገሬው አጋዘን። ቴክሳስ ውስጥ ሥጋውን መሸጥ አይፈቀድም። ለሥጋ ከሆነ ሐሳቡን እርሱት።
- ሙንትጃክ። «ትንሽ ነው፣ ጓሮዬ ይበቃዋል» የሚሉ አሉ። ሙንትጃክ የመንጋ እንስሳ አይደለም፤ ግዛት ይዞ ለብቻው ነው የሚኖረው። ወንዶቹ በክራንቻቸው ይቧጨቃሉ። አንዱ ከ25 እስከ 35 ፓውንድ ቢመዝን ነው፤ የእርዱ ጣጣ ግን ከትልቁ እኩል ነው። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ጭራሽ አትሞክሩት። ከ2016 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት የወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ስላለ ማርባትም መሸጥም ክልክል ነው።

«ይበላል ወይ?» ለምትሉ፦ ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው፣ ያመሰኳል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 አጋዘን ከሚበሉት እንስሳት ጋር ተጠርቷል። ለሙስሊሙም፣ አስተራረዱ በሥርዓቱ እስከሆነ ድረስ፣ ሐላል ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቢያንስ 5 ኤከር፣ ቢቻል 10 እና ከዚያ በላይ፣ ለካሬ የቀረበ ቅርጽ ያለው መሬት
- 8 ፉት ቁመት ያለው፣ ቋጠሮው የማይንሸራተት (ፊክስድ ኖት የሚባለው) የሽቦ መረብ
- ለማዕዘን ወፋፍራም የእንጨት ወይም የብረት ቋሚዎች፣ ለመሀሉ ቀጫጭን የብረት ቋሚዎች
- ለበረት ግድግዳ ድፍን ጣውላ
- ጣሪያ ያለው፣ ውስጡ ሊጨልም የሚችል ትሬይለር
- የውኃ ገንዳ፣ የድርቆሽ ማስቀመጫ፣ ረጅም የመኖ ገንዳ
- ለአጋዘን ወይም ለፍየል የተዘጋጀ ማዕድን
- የጆሮ ቁጥር
- አጋዘን አክሞ የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም ስልክ። ውሻና ድመት ብቻ የሚያክም አይጠቅማችሁም።

ደረጃ 1፦ ገዢውን በስም ጻፉ

ወረቀት አውጡና የመጀመሪያውን ዓመት ሥጋ ማን እንደሚገዛችሁ ጻፉ። «ሐበሻ ሁሉ» ገዢ አይደለም። ምግብ ቤት ከሆነ የትኛው፣ በወር ስንት ፓውንድ፣ በምን ዋጋ? ቤተሰብ ከሆነ ስንት ቤተሰብ፣ ሙሉ እንስሳ ነው ወይስ ግማሽ? አሥር ስም መጻፍ ካቃታችሁ እዚህ ላይ ቁሙ፤ እስካሁን ምንም አላወጣችሁም።

ይህ ደረጃ ለምን ይቀድማል? እዚህ አገር የአጋዘን ሥጋ የቀን ተቀን ምግብ አይደለም። ፍየል ጨረታ ላይ ብትወስዱ በዕለቱ ይሸጣል። ፋሎ እንደዚያ አይሄድም፤ ጨረታ ላይ ቢወጣም ዋጋው የሚያንገበግብ ሊሆን ይችላል።

ገዢያችሁ ሐበሻ ከሆነ ሁለት ነገር ጨምሩ። አንደኛ፣ አራጁ ማነው? ክርስቲያኑ የክርስቲያን ሥጋ፣ ሙስሊሙ የሙስሊም ሥጋ ነው የሚፈልገው። አንዱን እንስሳ ለሁለቱም ግማሽ ግማሽ መሸጥ አትችሉም። ሁለተኛ፣ የጾሙ ካሌንደር። የሰኔ ግልገል በተወለደ በ15 እና በ16 ወሩ፣ ማለትም ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ለእርድ ይደርሳል። ይህ ግሩም አጋጣሚ ነው፤ ከእንቁጣጣሽና ከመስቀል ጋር ይገጥማል። ኖቬምበር 24 ላይ ግን ጾመ ነቢያት ይገባና እስከ ገና ድረስ ገበያው ጭር ይላል። ፍሪዘር ከሌላችሁ ከዚያ በፊት ጨርሱ።

ደረጃ 2፦ ቄራውን አነጋግሩ

የፌዴራል ሕግ በሬን፣ በግን፣ ፍየልንና አሳማን በግዴታ ያስመረምራል። አጋዘን ግን የፈቃደኝነት ምርመራ ውስጥ ነው ያለው። ትርጉሙ ይህ ነው፦ ለበሬው መርማሪ በመደበኛ ሰዓት መንግሥት ይከፍላል፤ ለእናንተ አጋዘን መርማሪ ግን ክፍያው በሰዓት እየተሰላ እናንተው ላይ ይመጣል። ተመርምሮ ያለፈ ሥጋ ላይ የሚመታው የዩኤስዲኤ (የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር) ማኅተምም ሌላ ነው፤ ባለሦስት ማዕዘን ነው።

ስለዚህ ሁለት እንስሳ ብቻ ይዞ መሄድ ኪሳራ ነው። የመርማሪው ሰዓት ለሁለትም ለአሥርም ሊቀራረብ ስለሚችል በአንድ ቀን ብዙ አሳርዱ። ለቄራው እነዚህን ጥያቄዎች አቅርቡ፦

- አጋዘን ትቀበላላችሁ? ብዙዎቹ አይቀበሉም።
- ቀንድ ያለውን ትቀበላላችሁ?
- ወረፋው ስንት ሳምንት ነው?
- የራሴን አራጅ ይዤ መምጣት እችላለሁ?
- ቆርጣችሁ ታሽጉልኛላችሁ? ዋጋው በራስ ነው ወይስ በፓውንድ?

ቄራው ከሦስት ሰዓት መንገድ በላይ ከራቀ ሒሳቡን እንደገና ሥሩት። ጉዳዩ የነዳጅ ብቻ አይደለም። መንገድ ላይ የተጨነቀ እንስሳ ሥጋው ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ቶሎም ይበላሻል።

ደረጃ 3፦ ሕጉን ከምንጩ ጠይቁ

ቴክሳስ ውስጥ ፋሎና አክሲስ እንደ ውጭ ዝርያ ከብት ነው የሚታዩት፤ የሚመለከታቸውም የስቴቱ የእንስሳት ጤና ኮሚሽን ነው። ነጭ ጅራቱ ግን በፓርክስ ኤንድ ዋይልድላይፍ፣ ማለትም በስቴቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ሥር ነው። ሌላ ስቴት እንዲህ ላይሆን ይችላል። አንዳንዱ ስቴት አዲስ የአጋዘን እርባታ ጨርሶ አይፈቅድም፣ አንዳንዱ አጥሩን መጥቶ ሳያይ ፈቃድ አይሰጥም። ለስቴታችሁ ግብርና መሥሪያ ቤትና ለዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት፣ ለሁለቱም፣ በኢሜይል ጻፉ። መልሱን በጽሑፍ መያዝ ይሻላል፤ በስልክ የተባለ ነገር ችግር ሲመጣ ማስረጃ አይሆንም።

እንስሳውን ከሌላ ስቴት የምታመጡ ከሆነ የሐኪም የጤና ሰርተፊኬት፣ የቲቢ ምርመራና የጆሮ ቁጥር ያስፈልጋል።

እግረ መንገዳችሁን የካውንቲውን የንብረት ግብር ቢሮ ጎራ በሉ። የቴክሳስ ሕግ የውጭ ዝርያ እንስሳን ለምግብ ማርባትን እንደ እርሻ ሥራ ይቆጥራል። ለአደን ማስጎብኛ ከሆነ ግን አይደለም። የእርሻ ግምቱ ከተፈቀደላችሁ የመሬት ግብራችሁ ይቀንሳል፤ አንዳንዴ ከሥጋው ትርፍ የሚበልጠው ይኸው ነው። ስንት እንስሳ በስንት ኤከር እንደሚጠይቁ ካውንቲው ይነግራችኋል።

ደረጃ 4፦ አጥር

በጀታችሁ የሚቀልጠው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ።

በመጀመሪያ ቅርጹን ተመልከቱ። 10 ኤከር ፍጹም ካሬ ከሆነ ዙሪያው 2,640 ፉት ነው። ያው 10 ኤከር 330 በ1,320 ፉት ከሆነ ዙሪያው 3,300 ይሆናል። 165 በ2,640 የሆነ ቀጭን መሬት ከሆነ ደግሞ 5,610 ፉት! መሬቱ እኩል፣ ሣሩ እኩል፣ አጥሩ ግን ከእጥፍ በላይ። መሬት ገና ያልገዛችሁ ካላችሁ ይህን ሳትረሱ ግዙ። ቀጭን መሬት ቀድሞ የገዛችሁ ደግሞ ሁሉንም ማጠር ግዴታ የለባችሁም።

ቀጥሎ አሠራሩ፦

ሀ. መስመሩን አጽዱ። በሁለቱም በኩል መኪና የሚያልፍበት ቦታ ይኑር። ከአጥሩ በላይ ያዘነበለ ዛፍ ካለ ቁረጡ። አንድ ቅርንጫፍ በነፋስ ሌሊት ከወደቀ ጠዋት መንጋው የለም።

ለ. ማዕዘኖቹን አጥብቁ። የተወጠረ መረብ ክብደቱን የሚጥለው ማዕዘን ላይ ነው። የማዕዘን ቋሚ ከ3 እስከ 4 ፉት መሬት ውስጥ ይግባ፣ በሁለት በኩል በአግድም ይደገፍ። እዚህ ላይ የቆጠባችሁት ብር ከሁለት ዓመት በኋላ መረቡ ሲላላ ተመልሶ ይወጣል።

ሐ. መረቡን ከመሬት ጋር አገናኙ። ፋሎ መዝለል ቢችልም ከላይ ከመዝለል ይልቅ ከሥር መሹለክ ይቀናዋል። ከሥር ክፍተት ካለ ኮዮቴም (ቀበሮ መሰሉ አውሬ) በዚያው ይገባል። ጎድጓዳ ቦታና የጎርፍ መውረጃ ላይ ተጨማሪ ሽቦ ወይም ድንጋይ ሙሉ።

መ. የታችኛው ቀዳዳ ጠባብ ይሁን። አዲስ የተወለደ ግልገል በ6 ኢንች ቀዳዳ ሊያልፍ ይችላል። እናቱ ወዲያ፣ እሱ ወዲህ ሆኖ ከቀረ የአውሬ ሲሳይ ነው።

ሠ. መግቢያውን ድርብ በር አድርጉት። አንዱን ሳትዘጉ ሌላውን አትከፍቱም። አጋዘን አንዴ ከወጣ አይመለስም፤ መጥራትም ማባበልም የለም።

ረ. የውስጥ በሮችን ማዕዘን ላይ አድርጉ። አጋዘን ሲነዳ አጥር ተከትሎ ነው የሚሮጠው፤ የሚሰበሰበውም ማዕዘን ላይ ነው። በሩ መሀል ላይ ከሆነ አጠገቡ እያለ ያልፈዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ እሾሃማ ሽቦ አትጠቀሙ፤ ሲደነግጡ ይቀዳደዱበታል። ለውስጥ መከፋፈያ 6 ፉት ይበቃል።

ደረጃ 5፦ መያዣ በረት

ፍየል ቀንዷን ይዛችሁ ትጎትቷታላችሁ። አጋዘን ይህ አይሠራለትም። የተሯሯጠና የተጨነቀ አጋዘን ጡንቻው መበስበስ ይጀምራል፣ ሙቀቱ ይወጣል፣ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይሞታል። ከውጭ ቁስል አታዩበትም። ስለዚህ «እናባረውና እንያዘው» የሚባል ነገር የለም።

በረቱ እንዲህ ይሠራል። ከግጦሹ ወደ በረቱ የሚወስድ፣ እየጠበበ የሚሄድ መንገድ አብጁ። ግድግዳው ድፍን ጣውላ፣ 8 ፉት፣ ምንም ብርሃን የማያሳልፍ ይሁን። የመጨረሻዎቹ ክፍሎች ትንንሽና ጨለማ ይሁኑ። አጋዘን ጨለማ ውስጥ ሲገባ ይረጋጋል፣ ብርሃን ካየ ግን ወደዚያው ይወረወራል። የጥፍር ወርድ ያህል ቀዳዳ እንኳ ካለ በአፍንጫው ይመታዋል። መጨረሻ ላይ ወለሉ ወደ ታች ወርዶ እንስሳውን ጎንና ጎኑን የሚደግፍ መያዣ ሳጥን ይደረጋል። ሳጥኑ ውድ ከሆነባችሁ ለመጀመሪያው ዓመት ጨለማው ክፍል ብቻውን ለክትባትና ለጆሮ ቁጥር ያደርሳችኋል።

ዋናው ዘዴ ግን ማልመድ ነው። ሁልጊዜ በረቱ ውስጥ ጥቂት እህል አስቀምጡ፣ በሩን ክፍት ተዉት። ራሳቸው ገብተው ራሳቸው ይውጡ። ያስፈለጋችሁ ቀን ከኋላቸው ሄዳችሁ በሩን ብቻ ትዘጋላችሁ።

መቼ ማቆም እንዳለባችሁ እነሱ ይነግሯችኋል። መጀመሪያ ሁሉም ቀና ብለው አንድ አቅጣጫ ያያሉ። ቀጥሎ ጭራቸው ይቆማል፣ ከሥሩ ነጩ ብልጭ ይላል። ከዚያ አራቱንም እግር አንድ ላይ እያነሱ እንደ ኳስ መንጠር ይጀምራሉ። መንጠሩ ላይ ከደረሱ የዚያን ቀን ሥራ አብቅቷል። ወደ ቤት ግቡ።

ደረጃ 6፦ መግዛትና ማጓጓዝ

ምርጡ ግዢ በብርዱ ወራት መጀመሪያ ላይ፣ ያረገዙ ወጣት ሴቶች ነው። ለምን? ጁን ላይ ይወልዱላችኋል፣ በተከታዩ ዓመት ሴፕቴምበር የመጀመሪያውን ሥጋ ትሸጣላችሁ። የስምንት ወር ሴት ግልገል ከገዛችሁ ግን የምታረግዘው በ16 ወሯ ነው፣ የምትወልደው ሁለት ዓመት ሲሞላት ነው፤ ልጇ ለእርድ እስኪደርስ ሌላ 15 ወይም 16 ወር ይጨመራል። እስከዚያ ድርቆሽ እየገዛችሁ ነው።

አንድ አውራ ከ20 እስከ 30 ሴት ይበቃዋል። አውራውን ከሌላ እርባታ ግዙ፤ የሴቶቹ ወንድም እንዳይሆን።

ሲጫን ትሬይለሩ ጨለማ ይሁን፣ ወለሉ አያንሸራትት፣ ቀንድ ያለው ወንድ ከሌላው ጋር አይቀላቀል። ከማርች በኋላ እርጉዝ አታጓጉዙ። ስትደርሱ በቀን ብርሃን ልቀቋቸው። በሌሊት ከተለቀቁ አጥሩን አያዩትም፣ በሩጫ ይገቡበትና አንገታቸው ይሰበራል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አጥሩ ላይ የጨርቅ ቁራጭ እየቋጠራችሁ አንጠልጥሉ።

ደረጃ 7፦ መኖና ውኃ

አንድ አዋቂ ፋሎ በቀን ወደ 3 ፓውንድ ድርቆሽ ይበቃዋል። ዝናብ ባለበት ምሥራቅ ቴክሳስ በደህና ሣር ላይ በኤከር አራት ገደማ ማሰማራት ይቻላል። ወደ ምዕራብ በሄዳችሁ ቁጥር ይህ ቁጥር ያሽቆለቁላል። ድርቅ ሲመጣ ፈጥናችሁ ቀንሱ። ሣሩ እስከ ሥሩ ከተጋጠ የውስጥ ትላትሉ ይበዛል፤ የትሉ ዕጭ የሚቀመጠው ከሣሩ ግርጌ ነው።

የመኖ ገንዳው ረጅም ይሁን። አጭር ከሆነ ጉልበተኞቹ ይጠግባሉ፣ ደካሞቹ ዳር ቆመው ይከሳሉ። የበግ ማዕድን አትስጡ፤ መዳብ የለውም ማለት ይቻላል፣ አጋዘን ደግሞ መዳብ ያስፈልገዋል። የድርቆሽ ማሰሪያ ገመድ መሬት ላይ አትጣሉ፤ ያኝኩታል፣ ሆዳቸው ውስጥ ይቋጠራል። አጥሩ አጠገብ ኦሊያንደር የሚባለው አበባማ ቁጥቋጦ ካለ ንቀሉት። መርዝ ነው።

ደረጃ 8፦ ዓመቱ እንዴት ይዞራል

ኦክቶበርና ኖቬምበር አውራው ሴቶቹን የሚያስረግዝበት ወቅት ነው። ያጓራል፣ ይገማል፣ መብላት ይተዋል፣ ይከሳል። በዚህ ጊዜ ጀርባችሁን አትስጡት፤ ለብቻችሁም አትግቡ። እርግዝናው ሰባት ወር ተኩል ገደማ ነው፤ የሚወልዱት ጁን አካባቢ ነው። የሚወልዱትም አንድ ብቻ ነው። መንታ ብርቅ ነው። ፍየል ለለመደ ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ጁን ላይ ግጦሹ ውስጥ ረጃጅም ሣር ያለባቸው ቦታዎች ተዉ። እናት ግልገሏን እዚያ ደብቃ ትሄዳለች፣ በቀን ጥቂት ጊዜ መጥታ ታጠባለች። ብቻውን ጥቅልል ብሎ የተኛ ግልገል ስታዩ «ተጥሏል» ብላችሁ አታንሱት። በተለይ ወንዱን በጡጦ አታሳድጉ። ሰው የማይፈራ አውራ፣ ቀንድ ሲያበቅል፣ ሰው የሚገድል እንስሳ ነው። ይህ ማጋነን አይደለም።

ደረጃ 9፦ ጤና

የሳንባ ትል ዋናው ነው። ሳል፣ ክሳት፣ የደረቀ ፀጉር ካያችሁ እዳሪውን አስመርምሩ። ዝም ብላችሁ በየወሩ መድኃኒት አትስጡ፤ ትሉ ይለምደዋል። ፋሎ ቲቢ ስለሚይዘው አዲስ የመጣ እንስሳ ከነባሩ ጋር ወዲያው አይቀላቀል። ከበግ ጋርም አታሰማሯቸው። በግ ራሱ ሳይታመም የሚሸከመው ቫይረስ አለ፤ አጋዘንን ይገድላል። ፋሎ ከሌሎቹ ይሻላል ቢባልም ለምን ትሞክሩታላችሁ?

ማስጠንቀቂያ፦ በማደንዘዣ ጥይት የተያዘ እንስሳ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ አይታረድም።

ደረጃ 10፦ ከእርድ በኋላ

ደህና የ16 ወር ወንድ ወደ 55 ፓውንድ የታረደ ሥጋ ከነአጥንቱ ይሰጣል። አጥንቱ ሲወጣ 37 ገደማ ይቀራል። ቶሎ አቀዝቅዙት። ሥጋው ጮማ የሚባል ነገር የለውም፤ ጥብስ ሲሠራ ቅቤ ካልበዛና ቶሎ ካልወረደ እንደ ጫማ ሶል ይሆናል። ይህን ለገዢው ንገሩት፤ አለዚያ ሁለተኛ አይመጣም። «ክትፎ ይሆናል?» ይሉኛል። ለብ ለብ እንኳ አልመክርም። አጋዘን ውስጥ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ይገኛል፤ ለእርጉዝ ሴት በጣም አደገኛ ነው።

አሁን ሒሳቡ

የሚከተሉት ዋጋዎች ለማስያ የያዝኳቸው ናቸው። የአካባቢያችሁን ጠይቃችሁ ተኩባቸው።

10 ኤከር ካሬ፣ 25 ሴት፣ 1 አውራ። አጥር 2,640 ፉት በ8 ዶላር 21,120። በረት፣ በርና ውኃ 9,000። ሴቶቹ በ400፣ አውራው በ900፣ በድምሩ 10,900። መነሻው 41,020 ዶላር ሆነ።

ከ25ቱ ውስጥ 85 በመቶው ቢያሳድጉ 21 ግልገል። ሦስት ለምትክ አስቀሩ፣ 18 ለሽያጭ። የድርቆሽ፣ የማዕድንና የሐኪም በዓመት 3,000 እንበል።

- ሙሉውን ለምግብ ቤት፣ በፓውንድ 8 ዶላር፦ 18 በ55 ፓውንድ፣ 7,920። እርድ በራስ 150፣ 2,700። የሚተርፈው 2,220።
- አጥንቱ ወጥቶ፣ ታሽጎ፣ ለቤተሰብ በፓውንድ 16 ዶላር፦ 666 ፓውንድ፣ 10,656። እርድና ማሸግ በራስ 250፣ 4,500። የሚተርፈው 3,156።
- ሰባት ሴት ለእርባታ በቁም በ400፣ 11 ወንድ ታሽጎ፦ 2,800 እና 6,512። ማሸጊያው 2,750። የሚተርፈው 3,562።

የናንተ ጉልበት አልታሰበም። በሦስተኛው መንገድ እንኳ መነሻው የሚመለሰው ከ11 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሴቷ ከአሥር ዓመት በላይ ትወልዳለች፣ አጥሩም ይቆያል፤ ስለዚህ ሒሳቡ የሞተ አይደለም። ግን ደመወዝ አይሆንም።

ስፋት ምን ያደርጋል? በዚሁ ዋጋ 5 ኤከር ላይ 12 ሴት ብትይዙ ለአንዲት ሴት የወጣው መነሻ 2,470 ዶላር ገደማ ነው። 10 ኤከር ላይ 1,640። 20 ኤከር ላይ 50 ሴትና 2 አውራ ብትይዙ 1,213። ለዚህ ነው ከ5 ኤከር በታች ያለውን ሰው ሁሌ «ፍየል አርባ» የምለው። የፍየል አጥር ግማሹን ቁመት አይበልጥም፣ ፍየል መንታ ትወልዳለች፣ ገዢውም በር ላይ ነው። ገዢዎቻችሁ በሙሉ ሐበሾች ከሆኑ 20 ኤከር ቢኖራችሁም መልሴ ያው ፍየል ነው። ፋሎ የሚያዋጣው የአጋዘን ሥጋ ለምዶ ጥሩ ዋጋ የሚከፍል ምግብ ቤት ወይም የእርባታ ሴቶች የሚፈልግ ጎረቤት ላለው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

- እንስሳውን በርካሽ አግኝቶ፣ አጥሩ ሳያልቅ መግዛት።
- የፍየል አጥር ላይ ሁለት ረድፍ ሽቦ ጨምሮ «ይበቃል» ማለት።
- በዓል ሲደርስ አንድ አጋዘን ግጦሽ ላይ በገመድ ለመያዝ መሞከር። ሰውም እንስሳም ይጎዳል።
- ከዓመት ዓመት ያንኑ አውራ ማቆየት። ከሁለት ወይም ሦስት ዓመት በኋላ የራሱን ልጆች ነው የሚያስረግዘው።
- ሳያስመረምሩ ለምግብ ቤት መሸጥ። ጥፋቱ ሲመጣ በናንተም በምግብ ቤቱም ላይ ነው።

ኢትዮጵያ ላላችሁ

ፋሎም ሆነ ሌላ የዚህ ቤተሰብ እንስሳ አገራችን ውስጥ በተፈጥሮ የለም። ድኩላ፣ ሚዳቋና ሰስ የምንላቸው ከሌላ ወገን ናቸው፤ የዱር እንስሳት ስለሆኑም በአዋጅ ይጠበቃሉ። ከጫካ ይዞ ማርባት ያስከስሳል። የዱር እንስሳ እርባታ የሚቻለው በፈቃድ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ የአርባ ምንጩ የአዞ እርባታ አለ። ፈቃዱን የሚመለከተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ስለሆነ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ ለእነሱ አቅርቡ። መልስ ሳታገኙ መሬት አትከራዩ፣ አጥርም አትጀምሩ።